ትንፋሽን ቆጥሮ ፔዳል መርገጥ፦ የብስክሌት ልምምድን በሚሰማን ጥረት የመመጠን አሠራር

ብስክሌት ለጤናው የሚነዳም ሆነ ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ዛሬ ምን ያህል ልበርታ? የዘመኑ ተወዳዳሪዎች መልሱን የሚያገኙት በደረት ላይ ከሚታሰር የልብ ምት መቁጠሪያና ፔዳሉ ላይ የሚያርፈውን ኃይል በዋት ከሚያነብ መሣሪያ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ግን የቅርብ ጊዜ እንግዶች ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ በብስክሌት ላይ የሚገጠም የዋት መለኪያ ለገበያ የቀረበው ደግሞ ከዚያ 30 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። እነዚያ ሰዎች ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር የተጓዙት ትንፋሻቸውንና እግራቸውን እያዳመጡ ነበር። ይህ ጽሑፍ ያንኑ ማዳመጥ በቃልና በቁጥር አስሮ እንዴት ሥርዓት ማስያዝ እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያስረዳል።

ስሜትን በቁጥር የመግለጽ ዘዴውን ያበጀው ጉናር ቦርግ የተባለ የስዊድን የሥነ ልቦና ሊቅ ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሰዎችን ባለበት በሚቆም ብስክሌት ላይ አስቀምጦ እየፈተነ ነው። የመጀመሪያው መለኪያው ከ6 ይነሣና በ20 ያበቃል። ይህ እንግዳ የሚመስል አቆጣጠር ምክንያት አለው፤ ጤነኛ ወጣት አርፎ ሲቀመጥ ልቡ በደቂቃ 60 ጊዜ ያህል፣ አቅሙን አሟጦ ሲጥር ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ስለሚመታ፣ የሰጠው ቁጥር በ10 ሲባዛ ወደ ልብ ምቱ ይጠጋል። ቦርግ በኋላ ከ0 እስከ 10 የሚሄድ ሌላ መለኪያ አዘጋጅቷል። በብስክሌት ላይ ሆኖ ለማስታወስ የሚቀለው ይኸኛው ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

አንድ ነገር በቅድሚያ መነገር አለበት። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት፣ ወይም ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሰው ከሐኪም ጋር ሳይነጋገር በዚህ መለኪያ ከ4 በላይ ያለውን ጥረት መሞከር የለበትም። በጉዞ ላይ ደረትን የሚጨቁን ወይም ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማ ቁጥሩ ስንትም ይሁን ወዲያውኑ መቆምና እርዳታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደረጃ 1፦ ጥረትን ከድካምና ከሕመም ይለዩ

ዘዴው ለብዙ ሰው የማይሠራው ገና ከመነሻው ሦስት የተለያዩ ስሜቶች ስለሚቀላቀሉበት ነው። ጥረት ማለት በዚህች ቅጽበት ፔዳሉን ለማዞር ምን ያህል እየታገሉ እንደሆነ የሚነግርዎት ስሜት ነው። ድካም ከትናንትና ከትናንት በስቲያ ሊመጣ ይችላል፤ ሰው ገና ብስክሌቱን ሳይነካ ደክሞት ሊያድር ይችላልና። ሕመም ደግሞ ከኮርቻው፣ ከጉልበት ወይም ከወገብ የሚነሣ ሌላ ጉዳይ ነው። ኮርቻው ዝቅ ብሎ የተገጠመበት ሰው ጉልበቱ ስለሚያመው ብቻ «7 ላይ ነኝ» ሊል ይችላል፤ ትንፋሹን ብንሰማ ግን 3 ላይ ሆኖ እናገኘዋለን። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ ኮርቻውን ያስተካክል፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቱ በትንሹ ብቻ ታጥፎ እንዲቀር ከፍ ያድርገው፤ ቁጥሩን ከዚያ በኋላ ይጠይቅ።

ጥረት ራሱም ሁለት ምንጭ አለው፤ አንዱ ትንፋሽ ሲሆን ሌላው እግር ነው። በከባድ ማርሽ ፔዳሉን ቀስ እያሉ ሲረግጡ ጭኑ ቀድሞ ይቃጠላል፤ በቀላል ማርሽ ቶሎ ቶሎ ሲያዞሩ ደግሞ እግሩ ዝም ብሎ ትንፋሹ ይጨምራል። በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየተጓዙ እንኳ ማርሽ በመቀየር ብቻ ይህን ሚዛን ማዛወር ይቻላል። ስለዚህ ራስዎን ሲጠይቁ መጀመሪያ «ትንፋሼ ስንት ነው?» ከዚያ «እግሬስ?» ይበሉ፤ አጠቃላይ ቁጥሩን የሚሰጡት ከእነዚህ በኋላ ነው። እግሩ ከትንፋሹ በሁለትና ከዚያ በላይ ከበለጠ ማርሹ ከብዷል ማለት ነው፤ ያቅልሉት።

ደረጃ 2፦ ለእያንዳንዱ ቁጥር ቃል ይስጡት

ቃል የሌለው ቁጥር ባዶ ነው። «5» ለአንዱ ቀላል፣ ለሌላው ከባድ እንዳይሆን የቦርግ መለኪያ እያንዳንዱን ቁጥር ከቃል ጋር ያስራል። በአማርኛ እንዲህ ማለት ይቻላል፤ 0 ምንም ጥረት የሌለበት፣ አልጋ ላይ ጋደም እንደማለት ነው። 1 በጣም ቀላል፣ 2 ቀላል፣ 3 መጠነኛ፣ 4 ትንሽ ከበድ ያለ፣ 5 ከባድ ነው። 7 በጣም ከባድ፣ 10 ደግሞ እጅግ ከባድ፣ እስከ ዛሬ በሕይወትዎ ከገጠመዎት ጥረት ሁሉ የባሰው ነው። 6፣ 8 እና 9 የተለየ ቃል የላቸውም፤ በጎረቤቶቻቸው መካከል ይገኛሉ። ከ3 ወደ 5 ያለው ርቀት በቁጥር 2 ብቻ ቢሆንም በሰውነት ላይ ሲወጣ ሰፊ ነው፤ 5 የመለኪያው አጋማሽ ስለሆነ «መካከለኛ» ይሆናል ብሎ መገመት የተለመደ ስሕተት ነው፤ 5 ከባድ ነው።

ቃሉን በትንፋሽ መፈተን ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል። የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያዎች «የንግግር ፈተና» የሚሉት አለ፤ መናገርም መዝፈንም ከቻሉ ቀላል፣ መናገር ችለው መዝፈን ካቃትዎ መጠነኛ፣ ከጥቂት ቃላት በኋላ ትንፋሽ ለመሳብ ከተገደዱ ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ሲመክር በአእምሮው ያለው ያ መሐከለኛው፣ እያወሩ ግን ሳይዘፍኑ የሚደረገው ነው።

ብቻውን የሚነዳ ሰው ግን ከማን ጋር ያውራ? እኔ የምጠቀምበት ፊደል ቆጠራን ነው። በአንድ ትንፋሽ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ብሎ ወደ «ለ ሉ ሊ» ማለፍ፣ እስኪቆረጥ ድረስም ስንት ቤት እንደዘለቁ መቁጠር ነው። በእኔ ትንፋሽ 2 ላይ ስሆን ከአራት ቤት በላይ እዘልቃለሁ፤ 3 ላይ ሦስት ያህል፤ 5 ላይ ሁለተኛውን ሳልጨርስ እቆማለሁ፤ 7 ላይ ሀሁ ራሱ «ሄ» ላይ ይቀራል። የእርስዎ ቁጥር ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ ዋናው ነገር ለእያንዳንዱ የጥረት ቁጥር የራስዎን አውቆ መያዝ ነው። መንገድ ዳር የቆመ ሰው በጠዋት ፊደል ሲቆጥሩ ሰምቶ ቢስቅ አይክፋዎት፤ በልጅነታችን የቆሎ ተማሪም፣ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅም በሩጫ ሳይሆን ቁጭ ብሎ ነበር የሚቆጥረው።

ደረጃ 3፦ መለኪያውን በራስዎ ሰውነት ላይ ያስተካክሉ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። ለጥ ያለና መኪና የማይበዛበት መንገድ ይምረጡ፤ ካልተገኘ በስፖርት ማዘውተሪያ ያለ ቋሚ ብስክሌት እንዲያውም ይሻላል፤ ነፋስም ዳገትም የለበትምና። አዲስ አበባ ላይ እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል የሚያህል ጊዜ አይገኝም።

በመጀመሪያው ቀን 15 ደቂቃ ያህል በ1 እና በ2 ሰውነትዎን ያሟሙቁ። ከዚያ አምስት አምስት ደቂቃ እየከፋፈሉ በ2፣ በ3፣ በ4፣ በ5 እና በ6 ይንዱ። በየአምስቱ ደቂቃ ማብቂያ ላይ ፊደል ቆጥረው የዘለቁትን ያስታውሱ፤ ፍጥነት የሚያሳይ ነገር ካለዎት እርሱንም ይመልከቱ፤ ግን ፍጥነቱን ወደ ቁጥሩ ለማምጣት አይታገሉ፤ ቁጥሩ መሪ፣ ፍጥነቱ ተከታይ ነው። ቤት እንደገቡ ሁሉንም በደብተር ያስፍሩት።

ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ የላይኛውን ጫፍ ይፈልጉ። ከማሟሟቅ በኋላ ለ20 ደቂቃ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ሊዘልቁት በሚችሉት ከፍተኛ ጥረት ይንዱ። በትክክል ከተመጠነ፣ አምስተኛው ደቂቃ ላይ 6 የነበረው ሲያበቃ ወደ 8 ወይም ወደ 9 ይደርሳል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ አቅም ካለቀብዎ ሲነሡ ቸኩለዋል ማለት ነው፤ ተስፋ አይቁረጡ፤ በሌላ ሳምንት ይደግሙታል። ከአቅሙ በላይ ተግቶ የማያውቅ ሰው 10 ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ሁሉንም ነገር ከፍ አድርጎ ይቆጥራል፤ አዲስ ጀማሪ 4 የሆነውን 7 የሚለው ለዚህ ነው። ሐኪም ከባድ ጥረትን የከለከለው ሰው ግን ይህን ሁለተኛ ቀን ይተወው፤ የቀድሞ ትዝታውን፣ ለምሳሌ አንድ ቀን ሸክም ይዞ ዳገት በሩጫ የወጣበትን ጊዜ አስታውሶ «10 ማለት ያ ነበር» ቢል ይበቃዋል።

ደረጃ 4፦ የቀኑን ቁጥር ከቤት ሳይወጡ ይወስኑ

ኮርቻ ላይ ከተቀመጡ በኋላ የሚወሰን ቁጥር ሁልጊዜ ወደ ላይ ያዘነብላል። ስለዚህ ጫማዎን ሲያጠልቁ ይወስኑ። ለማገገሚያ ጉዞ ከ2 አይለፉ። ረጅም ጉዞ በ2 እና በ3 መካከል ይሁን። ጽናት ለሚጨምር ሥራ ከ4 እስከ 5 ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ያህል መያዝ ይበቃል። ለአጫጭር ከባድ ድግግሞሽ ደግሞ 7 እና 8 ናቸው፤ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ አያስፈልጉም፤ ለጀማሪ አንዱም ይበዛል።

ፍርዴን ልናገርና፣ አብዛኞቻችን የምንበላሸው በቀላሉ ቀን ነው። ለ2 የወጣ ሰው ሌላ ብስክሌተኛ ሲቀድመው ወደ 4 ይወጣል፤ ሚኒባስ ጡሩንባ ሲነፋበት ወደ 5። በማግስቱ ለ7 ሲወጣ እግሩ እምቢ ይለውና 5 ላይ ይቀራል። እንዲህ ቀኑ ሁሉ 4 እና 5 ሆኖ ወሩ ያልቃል፤ ድካም ይጠራቀማል፤ ጉልበት ግን ባለበት ነው።

የድግግሞሹን ቀን ለመምራት አንድ ምሳሌ ልስጥ። አራት ጊዜ አራት ደቂቃ በ7፣ በየመካከሉ ሦስት ደቂቃ በ2። የመጀመሪያው ዙር አንደኛ ደቂቃ ሁልጊዜ ያታልላል፤ ልብና ሳንባ ለሥራው የሚመጥን ኦክስጅን ማድረስ የሚጀምሩት ዘግየት ብለው ስለሆነ፣ ጡንቻው ሲሠራ ትንፋሹ ገና ዝም ይላል። በዚያ ደቂቃ የሚሰማውን 4 አምኖ የጨመረ ሰው ሦስተኛው ደቂቃ ላይ 9 ይጠብቀዋል። በነገራችን ላይ የልብ ምት መቁጠሪያም በዚሁ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል፤ ስለዚህ መሣሪያ ያለውም ከዚህ አያመልጥም። መፍትሔው የመጀመሪያውን ዙር ሲጨርሱ 6 ብቻ እንዲሰማዎት አድርጎ መጀመር፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በዚያው ማርሽና በዚያው አረጋገጥ መድገም ነው፤ ጥረቱ ራሱ ወደ 7 ይወጣል፤ የመጨረሻው ዙር በ8 ቢያልቅ ሥራው ተሠርቷል።

ደረጃ 5፦ በመንገድ ላይ በየጊዜው ይጠይቁ

በየአምስት ደቂቃው፣ ወይም በየድልድዩና በየማዞሪያው፣ ቁጥሩን ራስዎን ይጠይቁ። ዳገት ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ያቅልሉ፤ ዳገቱ መሐል ላይ ተጨንቆ ማርሽ መቀየር ካቴናውን ያንጓጓል፣ አንዳንዴም ያስወጣዋል። ዳገቱን ሲወጡ ቁጥሩን ይጠብቁ፤ ፍጥነቱ ይውረድ። ከፊት የሚመጣ ነፋስም እንደ ዳገት ነው። በቁልቁለት ደግሞ ቁጥሩን ለመጠበቅ ብለው በሩጫ አይርገጡ፤ እዚያ ዓይንዎና እጅዎ ፍሬን ላይ ይሁኑ፤ ጥረቱ ወደ 1 ቢወርድ ምንም አይጎድልም።

የአገራችን መልክዓ ምድር ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ነው። ከአዲስ አበባ በቃሊቲ አድርጎ ቢሾፍቱ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በጉዞው ከ400 ሜትር በላይ ከፍታ ይወርዳሉ። ሲሄዱ ሁሉም ሰው ጀግና ነው። ሲመለሱ ግን ያው 400 ሜትር ይወጣል፤ ፀሐዩም በርትቷል፤ የጭነት መኪናው ጭስም አለ። ሄጄ የመጣሁባቸውን ቀናት ደብተሬ ውስጥ ሳይ፣ ስወርድ 2 ላይ የቆየሁባቸው ቀናት መመለሻው በ4 አልቋል፤ ስወርድ 4 ያልኩባቸው ቀናት ግን አቃቂ ሳይደርስ 7 ሆነዋል። የመሄጃውን ቁጥር ከመመለሻው ቁጥር በአንድ ወይም በሁለት ዝቅ አድርጎ መነሣት እንግዲህ ሕግ ይሁንዎ።

በቡድን ሲነዱ የሌላው ሰው ቁጥር የእርስዎ አይደለም። ከኋላ ተከልሎ የሚነዳው ነፋሱ ስለሚቀርለት 3 ላይ ሲሆን፣ ከፊት ያለው በዚያው ፍጥነት 5 ላይ ሊሆን ይችላል። ወሬው የት እንደቆመ ያድምጡ፤ ከፊት ያለው ሰው መልስ መስጠት ካቆመ ተራ የሚለወጥበት ጊዜ ደርሷል።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩ መቼ እውነት እንደሚናገር ይወቁ

ቁጥሩ ከተለመደው ፍጥነት ጋር የማይገጥምባቸው ቀናት ይመጣሉ። አንዳንዴ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ሊታዘዙት ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያነሰ ነው። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለእረፍት የመጣ ብስክሌተኛ በዚያ በ4 ይነዳበት የነበረው ፍጥነት እዚህ 6 ይሆንበታል። ስንፍና አይደለም፤ ሰውነቱ የሚነግረው እውነት ነው፤ ፍጥነቱን ይተውና 4ን ይያዝ። ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣም ሰው፣ ከዳገቱ በላይ፣ ከአየሩ መሳሳትም የተነሣ ቁጥሩ ሲንር ያያል። ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ዓይነት ጉልበት እየነዱ ልብ ምት ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ጥረቱም አብሮት ይወጣል።

የጾም ወቅት የራሱ ነገር አለው። ሳይበላና ሳይጠጣ የሚውል ሰው፣ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን፣ የተለመደው 3 ወደ 4 እና 5 ሊያድግበት ይችላል። በእነዚያ ሳምንታት ከባዱን ሥራ ማቆየትና ጉዞውን ከመፍቻው ሰዓት ጋር ማቀራረብ ብልህነት ነው።

የአእምሮ ድካም ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ ሰዎች ለ90 ደቂቃ ትኩረት የሚጠይቅ የኮምፒውተር ሥራ ከሠሩ በኋላ ከከፍተኛ አቅማቸው በ80 በመቶ ብስክሌት እንዲነዱ ተደርጓል፤ ልባቸውና ጡንቻቸው የተለየ ነገር ሳያሳዩ፣ ቀድመው ተዳከሙ፤ የተለወጠው የጥረት ስሜታቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ በሒሳብ ወይም በስብሰባ የዋለ ሰው ማታ ላይ 7 ለመያዝ ቢቸገር ምክንያቱ እግሩ ላይሆን ይችላል።

በሌላ ቀን ግን ቁጥሩ ያሞግስዎታል። ቡና የጥረትን ስሜት ዝቅ ያደርጋል፤ ሦስተኛውን ጠጥተው የወጡ ጊዜ 3 የመሰለዎት 4 ሊሆን ይችላል። ሞቅ ያለ ዘፈንም፣ ጓደኛም፣ የመንገድ ዳር ጭብጨባም እንዲሁ ያደርጋሉ። ያኔ ፊደሉን ይቁጠሩ፤ ስሜት ሲያሞግስ ትንፋሽ እምብዛም አያሞግስም።

ለደም ግፊት ወይም ለልብ ቤታ ብሎከር የሚባለውን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ ዘዴ ከልብ ምት መቁጠሪያ የበለጠ ይረዳዋል። መድኃኒቱ ልብን ስለሚያዘገይ መቁጠሪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳየዋል፤ እርሱ ግን ጠንክሮ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 7፦ ይመዝግቡ

ከጉዞው በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ይቆዩና ለመላው ጉዞ አንድ ቁጥር ይስጡ። ወዲያው ከተጻፈ የመጨረሻው ዳገት ብቻ ይናገራል። ያንን ቁጥር በጉዞው ደቂቃዎች ያባዙት። 90 ደቂቃ በ3 ሲሆን 270 ይመጣል፤ 40 ደቂቃ በ7 ሲሆን 280፤ ሁለቱ ጉዞዎች በርቀት ቢራራቁም በሰውነት ላይ የጣሉት ሸክም ተቀራራቢ መሆኑን እዚህ ያያሉ። የሳምንቱን ድምር ይያዙ። ባለፈው ሳምንት 700 የነበረው በዚህ ሳምንት በድንገት 1,200 ከሆነ የሚቀጥለውን ሳምንት ማቅለል ይገባል። ከቁጥሩ ጎን ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጾም፣ ስለ ነፋስ አንድ አንድ ቃል ያክሉ፤ ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ሲገልጡ ያልገባዎት ቁጥር የሚፈታው በእነዚያ ቃላት ነው።

የደረጃ 3ን ፈተና በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ ይድገሙት። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ ጎማውም እንደ ቀድሞው በደንብ ተነፍቶ ይሁን። በ4 የነዱት ርቀት ከመጀመሪያው ቀን ከበለጠ ልምምዱ ሠርቷል፤ ካነሰ ደግሞ ብስክሌቱን ከመክሰስዎ በፊት ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ገጾች ያንብቡ። ከጉንፋን ወይም ከወባ የተነሣ ሰው ሳይፈትን በቀድሞ ቁጥሩ አይመለስ፤ ለአንድ ሳምንት ከ2 ሳያልፍ ይንዳና ከዚያ ያስተካክል።